ጂቱ ያልላከችው ምርቃት

እንጦጦ፣ የካቲት ፭ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.
በአልዩ አምባ ገበያ፣ በነጋዴዎች ጉባኤ ፊት የሚነበብ

ለተከበሩት ለገበያው ሹም፣ ከእርሳቸው ቀጥሎ ለአገሩ ባለቤቶች ለአርጎባ ሽማግሌዎች፣ ቀጥሎ ቃሌን በመልካም ድምፃቸው ለሚያሰሙልኝ ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን፣ ቀጥሎ ለነጋዴዎቼ በየዕድሜያችሁ፣ በመጨረሻም ያለ እነርሱ አንዳችን ከቦታችን ለማንነቃነቅ ለጫኞቻችን። እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ነጋድራስ ወልደ ኢየሱስ፣ ብርዱ ጉልበቴን ከመቆንጠጡ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የወሩ ደብዳቤ በመዘግየቱ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። የመልእክተኛው በቅሎ አንክሳ ነው።

አቡጀዲው አልሸጥ አለን ብላችሁ ላመለከታችሁኝ ምላሼ ይህ ነው። ጨርቁ ምንም አልጎደለውም፤ የበዛው የእናንተ ወሬ ነው። ገዢው ገና ሳይቀርብ ጠርታችሁ፣ ዘርግታችሁ፣ አወድሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። ለእርሱ ምን ተረፈው? ራሱ ይዘርጋው፤ ራሱ ይሳበው፤ እንከን ካገኘበትም አትከራከሩት። ጥሎ ሲሄድ ከኋላው አትጥሩት። ተጠርቶ የሚመለስ ገዢ ዋጋ ሊሰብር ይመለሳል፤ ራሱ አስቦ የሚመለስ ግን ሊገዛ ይመለሳል።

የባልደረባችሁ የነጋዴው የቀጀላ እናት ጂቱ፣ እንደምታውቋት ከየካ ሥር ቅቤዋን ተሸክማ እየወጣች እዚህ ትሸጣለች። ባለፈው ቅዳሜ የአንድ ትልቅ ቤት አዛዥ መጥቶ፣ ጣቱን ቅሉ ውስጥ ነክሮ ፊቱን አጨማደደና፣ «ይህ ቅቤ የቆየ ነው» አላት። «አዎን ጌታዬ፣ ቆይቷል» አለችው። «አዋቂ እስኪመጣለት ነው የቆየው።» ሰውዬው ከነቅሉ ወሰደው።

ከተማችን ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ነው። ማገዶ ግን እየራቀን ሄዷል፤ ዛፉ የነበረበት ሁሉ ጎጆ ሆኗል። መኳንንቱ ለመታጠብ ወደ ፍልውሃ ይወርዱና ሞቋቸው ይመለሳሉ፤ ዳገቱን ጨርሰው የእንጦጦ ነፋስ ሲቀበላቸው መታጠባቸውን ይረግማሉ። ጾም ሊገባ ስለሆነ ሰርጉ በዝቷል። በአንዱ ሰርግ ላይ አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን በዘፈኑ መካከል ቀጥ አድርጎ ዝም አለ፤ ድንኳኑ ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቀው። ሽልማቱን ያገኘው በዚያች ዝምታ ነው። ይህንንም ለንግዳችሁ ያዙት።

ጂቱ ለልጇ እንደ ወትሮዋ ይህን ልካለች፦

ቅቤዬ ተሸጦ ቅሉ ተመለሰ፣
የእኔ ልጅ ነጋዴው የት አገር ፈሰሰ?

ንግዳችሁን ያቅናላችሁ።


አልዩ አምባ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለነጋድራስ ወልደ ኢየሱስ፤ ጤናዎ እንደምን ነው? ደብዳቤዎ ደርሶ በሾላው ሥር አንብቤዋለሁ። የገበያው ሹም በአዛዡ ነገር እጅግ ሳቁ።

እንደሚያውቁት ጉባኤው ምክርዎን በትዕግሥት፣ የጂቱን ግጥም ግን በጉጉት ነው የሚጠብቀው። ጫኛችን ዲንሳ አላስጨርስ ብሎኝ ነበር። «መሪጌታ፣ ስለ አቡጀዲው ገብቶናል፤ እናቱ ዛሬ ምን ብላ ሰደበችው?» ሲል ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ግጥሙን ሳሰማ ቀጀላ ራሱ ከሁሉ አስቀድሞ ሳቀ። «ፈሰሰ አለችኝ! እንደ ቀለጠ ቅቤ!» እያለ ሲደጋግመው ዋለ፤ በማግስቱ ዜማ አበጅቶለት ጨርቅ ሲሸጥበት ሰማሁት። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ስሆን ልቆጣ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ድምፁ ያማረ ነው፤ ሻጭነቱም እርስዎ እንደሚሉት ከሁሉ ይበልጣል።

ማታ ወደ ድንኳኔ መጥቶ፣ «እናቴን ካየኋት ሁለት ክረምት አለፈኝ። ነጋድራስን ፈቃድ ይለምኑልኝ፤ ከጾሙ እኩሌታ በፊት ደርሼ ልመለስ» አለኝ። ምን ልመልስለት?


እንጦጦ፣ መጋቢት ፫ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.
በጉባኤ የሚነበብ

ለገበያው ሹም፣ ለአርጎባ ሽማግሌዎች፣ ለመሪጌታ፣ ለነጋዴዎቼና ለጫኞቼ በየማዕርጋችሁ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ፤ የእስላም ወንድሞቼንም ጤና ይስጥልኝ።

በጾም ቅቤ የሚገዛ የለም ብላ የምትቀመጥ ባለ ቅቤ ሞኝ ናት። ለሆድ የተከለከለው ለራስ አልተከለከለም። እዚህ የወይዛዝርቱ ጸጉር እንደ ወትሮው ይቀባል፤ ስለዚህ ቅቤው ጣፋጭ ነው መባሉ ቀርቶ መዓዛው ነው የሚወደሰው። እናንተም በሸቀጣችሁ እንዲሁ አድርጉ፤ ጊዜው የዘጋውን በር ትታችሁ ያልዘጋውን ፈልጉ። ጨዋችሁን ከምድር አንሡት፤ የበልጉ ርጥበት ከታች ነው የሚገባው።

ማሲንቆው ተሰቅሏል፤ ከተማውን የያዘው በገና ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይደረድራል፤ ባለጉዳዩ ሁሉ ጉዳዩን ረስቶ እየቆመ ይሰማዋል።

ከባሕር ሸቀጥ የሚያመጣው የግመል ቅፍለት በጾሙ አጋማሽ እናንተ ዘንድ ይገባልና ከእናንተ ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስ። ለቀጀላም መልሴ ይኸው ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ይምጣ። እናቱ ሰላም ትለዋለች፤ እንዲህም ብላለች፦

ልጄ የቤት ዋልታ የደጄም ምሰሶ፣
ይምጣልኝ በጤና ክብርን ተላብሶ።

ሥራችሁን ይባርክላችሁ።

*በዚያው ቀን፣ ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን ብቻ፤ በጉባኤ የማይነበብ*

መሪጌታ፣ ከእርስዎ አልሰውርም። ጂቱ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ታማለች። ደረቷን ይወጋታል፤ ገበያም አልወጣችም። ጎረቤቷ ወለተጊዮርጊስ ታስታምማታለች። ሄጄ ብጠይቃት፣ «ልጄን ጥሩልኝ» አለችኝ። ቅፍለቱ ከገባ በኋላ ይመጣል ብላት፣ «የእርስዎ ግመሎች ከእኔ ነፍስ ይቀድማሉ?» አለችኝ፤ ቀልዷን መሰለኝ። አምናም እንዲህ ሆና ድናለች። በመንገድ ያለ ነጋዴ በክፉ ወሬ አይመታም የሚለውን የአባቶቻችንን ሥርዓት ያውቃሉ፤ ያውም በአደባባይ በሚነበብ ወረቀት። ሰላምታዋን ብተወው ጉባኤው ሁሉ ይጠረጥራል። ስለዚህ ግጥሙን እኔው ገጠምኩት። ለቀጀላ ምንም አይንገሩት።


አልዩ አምባ፣ መጋቢት ፱ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለነጋድራስ፤ ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ መልካም ወሬ ስለማልጽፍልዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤዎን ትናንት አነበብኩ። ግጥሙ ላይ ስደርስ ዲንሳ ለማጨብጨብ እጁን አንሥቶ ነበር፤ እንዳነሣው ቀረ። የሳቀ የለም። ቀጀላ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ «ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት።

«ይህን እናቴ አላለችም።»

«ከደብዳቤው ላይ ነው ያነበብኩት ልጄ።»

«መሪጌታ፣ እናቴ በሕይወቷ አንድ ቀን መርቃኝ አታውቅም። ምርቃት የሚሰጠው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ልጅን ያሰንፋል ትላለች። አሁን መረቀችኝ። ሞታለች ማለት ነው።»

ነጋድራስ፣ ያዘዙኝን አፍርሼ፣ ታማለች እንጂ አልሞተችም አልኩት። ባልነገርኩት ይሻል ነበር። እንባው እየወረደ በሐዘን ፈገግ አለና እንዲህ አለኝ፦ «ደግሞ ታማለች አሉኝ። የመርዶን መንገድ አላውቅምን? መጀመሪያ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች ይባላል። ቀጥሎ ትንሽ አሟታል ይባላል። ቀጥሎ ጸንቶባታል። ከዚያ ሽማግሌ ማለዳ ይመጣል። እኔ አባቴን የተረዳሁት እንዲህ ነው። እርስዎ በሁለተኛው ላይ ነዎት።»

በመስቀሌ ማልኩለት። «ለመርዶ የማለ ሁሉ ይቅር ይባላል» አለኝ። የአርጎባው ሽማግሌም በራሳቸው ሃይማኖት ሊምሉለት ተነሡ፤ እርሳቸውንም እጃቸውን ሳመ እንጂ አላመናቸውም። እንግዲህ ማንን ያምናል? እኛ ሁላችን ለመንገደኛ እንዲህ ስንዋሽ የኖርን ነን።

ዛሬ ራሱን ተላጭቷል። ማቅ ለብሶ ለቅሶ ተቀምጧል፤ ገበያው ሁሉ እየመጣ አብሮት ያለቅሳል። ሂድ፣ ገስግሰህ ድረስባት ብዬ ብነግረው፣ «ለታመመ ይሮጣል፤ ለሞተ ምን ይሮጣል? ቀብሯ አልፎኛል። ሰባቷን እዚህ አውጥቼ፣ ቅፍለቱን ተቀብዬ እሄዳለሁ» አለኝ። ምን እንደማደርግ አሁኑኑ ይጻፉልኝ።


እንጦጦ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.
ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን፣ በፈጣን መልእክተኛ

ከእርስዎ ዘንድ ገና ወሬ አልደረሰኝም፤ ሰላምታውን ሳላሟላ ስለምጀምር ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ወደ የካ ወርጄ ነበር። ጂቱ እጅግ ከስታለች፤ ምላሷ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

«ነጋድራስ፣ ለልጄ ምን ብለው ጻፉለት?»

«ሰላም ትልሃለች ብዬ።»

«በባዶው?»

«ግጥም ጨምሬበታለሁ፤ በአንቺ ስም።»

«እስቲ ይበሉልኝ።»

አልኩላት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት፤ ወለተጊዮርጊስ ጀርባዋን ደግፋ እኔን ገላመጠችኝ። «ዋልታ? ምሰሶ? ያ እንደ ሸምበቆ የሚወዛወዝ ልጅ?» ብላ ደግማ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ፤ ክንዴን ያዘችው።

«ነጋድራስ፣ ልጄን ምን አደረጉት? ሞታለች ይላል እኮ! እኔ እሱን በቁሜ መርቄው አላውቅም። ምርቃቱን ለመጨረሻው ቀን ነው ያስቀመጥኩለት፤ እሱም ያውቃል። ይኼኔ ራሱን ተላጭቶ ንፍሮውን እየበላ ነው!»

መሪጌታ፣ ይህ ነገር ለእኔ አልታየኝም ነበር። ስንት ዓመት ሰው እንዴት እንደሚሰማና እንዴት እንደሚያምን ለነጋዴ ሳስተምር ኖሬ፣ አንድ ልጅ የእናቱን ቃል እንዴት እንደሚሰማ አላሰብኩም። ምርቃቱን ትንገረኝና ልጻፍለት ብዬ ለመንኳት። «በወረቀት አይላክም። ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ነው የምመርቀው። ቶሎ ይምጣ!» አለች። ይልቅ በሕይወት መኖሯን እንዲያምን ይህን እንድጽፍ አዘዘችኝ፤ እየሳለች ነው የገጠመችው፦

እንባህን ቆጥበው አንተ ጅል ነጋዴ፣
ስድቤ ሳያልቅብኝ አይጀመር መንገዴ።

ቅፍለቱን ይተዉት። ካሉት በቅሎዎች ሁሉ የተሻለችውን ይስጡት። በእግዚአብሔር ስም፣ ዛሬውኑ ይነሣ።


አልዩ አምባ፣ መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ ለነጋድራስ፤ መልእክተኛዎ ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰ። ቀጀላ ከለቃስተኞች መካከል ተቀምጦ ነበር። ሌላ ቃል ሳልጨምር ግጥሙን ብቻ በጆሮው አልኩለት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ፣ «ጅል አለችኝ?» አለ።

«ጅል ነጋዴ አለችህ።»

«እንባህን ቆጥበው አለች? እያለቀስኩ መሆኔን ማን ነገራት?»

«ማንም አልነገራት። አንተን ታውቅሃለች።»

«አለች!» ብሎ ጮኸ። «እናቴ አለች! ሌላ ሰው እንዲህ አይሰድበኝም!» ዲንሳ ራሱን ይዞ ያለቅስ ነበርና እንባውን ሳይጠርግ ሊያቅፈው ተንደረደረ። የአርጎባው ሽማግሌ ገበያው ፊት የራሳቸውን በቅሎ አስጭነው፣ «አንተ ሞኝ ልጅ፣ ሂድ፤ ለቅሶአችንን መልስልን!» አሉት። ማቁን እንኳ አልለወጠም። ሲወጣ ያን የቅቤውን ግጥም እየዘፈነ ነበር፤ በጾም መዝፈኑን እንዳልሰማሁ ሆኜ አለፍኩት።

ያሉት ሁሉ ሰላምታቸውን ለጂቱ ያደርሳሉ። መድረሱን እስኪጽፉልኝ ዕንቅልፍ የለኝም።


እንጦጦ፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.
በጉባኤ የሚነበብ፤ አንድም ቃል እንዳይቀር መሪጌታን እለምናለሁ

ለተከበሩት ለገበያው ሹም፣ በቅሏቸውን ላበደሩን ለአርጎባው ሽማግሌና ለአገሩ አባቶች፣ ለመሪጌታ ሠረቀብርሃን፣ ለነጋዴዎቼ፣ ለጫኞቼ፣ ከሁሉም በላይ ከቀጀላ ጋር ለቅሶ ለተቀመጣችሁ ሁሉ። በየማዕርጋችሁ እጅ እነሣለሁ።

ቅፍለቱ መግባቱን ሰምቻለሁ፤ መልካም ገበያ በመሆኑ ደስ ይበላችሁ። ስለ አዲሱ ጨርቅ የጠየቃችሁኝን ለመሪጌታ ለብቻቸው ጽፌያለሁ። ዛሬ የማነሣው ስለ ቀጀላ የጠየቃችሁኝን ነው።

ጂቱ መጋቢት ሃያ ቀን አረፈች። በማግስቱ በየካ ተቀበረች። ይህን በቀጥታ የጻፍኩት የመርዶን ሥርዓት ንቄ አይደለም፤ ሥርዓቱን ያለቦታው ሠርቼበት ምን እንዳመጣ ስላየሁ ነው።

በደከመች ዕለት ወለተጊዮርጊስ፣ «ምርቃቱን ለእኔ ንገሪኝና ላድርስለት» ብላት፣ «የአንድ ሰው ውሸት አልበቃችሁም?» አለቻት። እስከ መጨረሻው በሩን ትመለከት ነበር። እጆቿን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ የሰው ራስ እንደሚያቅፍ ሰው ይዛቸው ነበር ይላሉ። ምርቃቱ ምን እንደነበር የሰማ የለም።

ቀጀላ የደረሰው ከቀብሯ ማግስት፣ ማለዳ ነው። መርዶ ሊነግሩት የተመረጡት ሽማግሌዎች በእኔ ቤት እንጦጦ ላይ ይጠብቁት ነበር፤ ነጋዴ አስቀድሞ ወደ አለቃው ይወጣል ብለን ነበርና። እርሱ ግን በቀጥታ ወደ እናቱ ወረደ። ራሱ የተላጨ፣ ማቅ የለበሰ ሲመጣ ያየው የየካ ሰው ሁሉ፣ «መርዶውን ሰምቶ መጣ» አለ። ወንዙ ላይ የጂቱን ላሞች የሚጠብቁላት አባ ገረሱ አገኙትና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ቀጀላ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉት።

ሳቀ። ከበቅሎው ወርዶ ትከሻቸውን አቀፋቸው። «አባ ገረሱ፣ እርስዎንም አሳሳቱዎት? አልሞተችም እኮ! እኔም እንደ እርስዎ ሰምቼ ይኸው ራሴን ተላጨሁ። ነጋድራስ ናቸው ያሳቱን። አሁን ሄጄ ራሴን ሳሳያት እንዴት እንደምትሰድበኝ መጥተው ይስሙ!»

አባ ገረሱ ምን ይበሉት? ያን ያህል ደስ ብሎት ያየው ሰው አልነበረም። እጁን ያዙና አብረውት ሄዱ። ሁለት ሰዎች ደግሞ በመንገድ አጽናኑት፤ ለእነርሱም እየሳቀ በሕይወት አለች አላቸው። ቤቱ ደጃፍ ላይ ድንኳኑን አየ። በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ተመለከታቸው፤ ከዚያ ወደ አባ ገረሱ ዞሮ፣ «እጄን የያዙኝ ለዚህ ነው?» አላቸው።

አላለቀሰም። ሴቶቹ ጨካኝ ልጅ ነው ብለው ተንሾካሾኩ። እናንተ ግን እንባውን የት እንደጨረሰው ታውቃላችሁ፤ አይታችኋልና። ይህን ለየካ ሰዎች ሁሉ ቤት ለቤት እየሄድኩ ነግሬአለሁ።

ባለፈው እሑድ ወደ እኔ ወጣ። ቁጣውን ልቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣኝም። ቆሞ፣ «ነጋድራስ፣ እናትህ ስትደክም የት ነበርክ ቢሉኝ ምን ልበል? ለእሷ እያለቀስኩ ነበር ልበል?» አለኝ። እስከ ዛሬ መልሱን እየፈለግሁ ነው። ወደ ንግዱ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቃችኋል። አላውቅም። ላሞቹን እያለበ እናቱ ቤት ተቀምጧል።

ከእንግዲህ በዚህ የወር ደብዳቤ የታመመው ታሟል ተብሎ ይጻፋል። የመጣው ይምጣ፤ ሰው ገስግሶ የሚደርስበት ጊዜ ሳለ እኛ አንዘጋበትም። ማንም ሰው ያልሰጠኝን ቃልም በስሙ አልጽፍም።

ከወለተጊዮርጊስ ለመሪጌታ ሰላምታ ይድረስ፤ ከአባ ገረሱ ለዲንሳ ሰላምታ ይድረስ። ከቀጀላ ሰላምታ የለም። ጠይቄው ዝም ብሏል፤ እንደላከ አድርጌ አልጽፍላችሁም።

ያለቀሳችሁትን እንባ እግዚአብሔር ይቁጠርላችሁ፤ አመሰግናችኋለሁ። መንገዳችሁን ያቅና፣ ገበያችሁን ያድምቅ፣ ከወጣችሁበት ወደሚጠብቃችሁ ሰው በጊዜ ያግባችሁ።

ነጋድራስ ወልደ ኢየሱስ